«ኤፍፒጂኤ ስለሆነ አይዘገይም» እና ሌሎች ጆሮዬን ያደከሙ አባባሎች

ባለፈው ሳምንት እንደገና ተደወለልኝ። ደዋዩ ሚስተር የሚባለውን፣ የድሮ ጌም ማሽኖችን በኤፍፒጂኤ ቺፕ የሚተካውን ማሽን የገጣጠመ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ሚስተሩን ገጣጥሜ ጨረስኩ፤ ግን ቁልፉን ስጫን ማሪዮ ወዲያው አይዘልም፤ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚነሳው። ቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን?» ምን ዓይነት ቴሌቪዥን ላይ እንደሰካው ጠየቅሁት። «ቴሌቪዥኑ ምን አገባው? ኤፍፒጂኤ እኮ ነው፤ ኤፍፒጂኤ አይዘገይም» አለኝ።

ይህችን መልስ ከስንት ሰው እንደሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ። ሥራዬ ቴሌቪዥን መጠገን ነው። ሙያውን አዲስ አበባ ውስጥ የባለ ቱቦ ቴሌቪዥኖችን ጀርባ እየከፈትኩ ተማርኩ፤ ዛሬ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ የድሮ ጌም ወዳጆችን ማሽን ከስክሪናቸው ጋር አስማማለሁ። ሰው የወራት ቁጠባውን ለማያስፈልገው ዕቃ ሲያወጣና መፍትሔው ሪሞቱ ላይ ሆኖ ሲገኝ ያበሳጨኛል። ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ኤፍፒጂኤ መዘግየት የለውም»

ይህ አባባል የማይሞተው መነሻው እውነት ስላለበት ነው። ኤፍፒጂኤ በውስጡ ያሉት የሎጂክ በሮች እንደተፈለገው ሊያያዙና ሊፈቱ የሚችሉ ቺፕ ነው። ሚስተር በሚሠራበት በዲኢ10-ናኖ ቦርድ ላይ ያለው ሳይክሎን ፋይቭ 110,000 ያህል የሎጂክ አሃዶች አሉት። አሁን የ1983ቱ የኔንቲዶ ፋሚኮም ሰርኪት ይሆናል፤ ከአፍታ በኋላ ደግሞ ሴጋ ሜጋ ድራይቭ ይሆናል። ኢሙሌተር የድሮውን ማሽን ሥራ በፕሮግራም ያስመስላል፤ ኤፍፒጂኤ ግን ፕሮሰሰሩን፣ የሥዕል ቺፑንና የድምፅ ቺፑን ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳል። ሥዕሉም እንደ ጥንቱ መስመር በመስመር ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ጸብ የለኝም።

ስህተቱ የሚጀምረው ሰዎች መንገዱ እዚያ ያበቃ ሲመስላቸው ነው። ከጣት እስከ ዓይን ብዙ ጣቢያ አለ፦ ጆይስቲኩ፣ ዩኤስቢው፣ ጨዋታው ራሱ፣ ሥዕሉን ለኤችዲኤምአይ የሚያሳድገው ክፍል፣ በመጨረሻም ቴሌቪዥኑ። «ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንኳ የለበትም» የሚሉኝም አሉ። አለበት! በዚያው ቺፕ ውስጥ ሊኑክስ የሚያሄድ የአርም ፕሮሰሰር ተቀምጧል፤ የዩኤስቢ ጆይስቲካችሁም ምልክት የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። ፈጣን መንገድ ነው፤ ግን መንገድ ነው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። የኔንቲዶ ማሽን በሴኮንድ 60 ገደማ ፍሬም፣ ማለትም ሙሉ ሥዕል፣ ያወጣል፤ አንዱ ፍሬም 16.6 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ጨዋታው ራሱ ቁልፉን አንብቦ ገጸ ባሕሪውን እስኪያንቀሳቅስ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ይህ በጥንቱ ዕቃ ላይም ስለነበረ ታማኝ ኤፍፒጂኤ እሱንም ጭምር ይደግመዋል። ዘመናዊው ፍላት ስክሪን ደግሞ ለፊልም በተዘጋጀው ቅንብሩ ላይ ሆኖ ሥዕሉን ይዞ ያቆያል። ያጠራዋል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሰዋል፣ ቀለሙን ያደምቀዋል፤ ለማለስለስ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ፍሬም ማየት አለበት። በዚህ ቅንብር 100 ሚሊሰከንድ መዘግየት ብርቅ ነገር አይደለም። ስድስት ፍሬም ማለት ነው፤ ማሪዮ እየሮጠ ከሆነ በስድስት ፍሬም ውስጥ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል።

ወደ ደወለልኝ ልጅ ቤት ሄድኩ። የስልኬን ካሜራ በሴኮንድ 240 ምስል በሚያነሳበት ቅንብር ላይ አድርጌ፣ ጆይስቲኩን ከስክሪኑ ፊት አስያዝኩትና ሲያዘልል ቀረጽኩ። ቪዲዮውን አንድ በአንድ እያሳለፍን፣ አውራ ጣቱ ቁልፉን ካወረደበት ምስል የማሪዮ እግር ከጡቡ እስከተነሳበት ድረስ ቆጠርን፤ 33 ሆነ። አንዱ ምስል ከ4 ሚሊሰከንድ ትንሽ ስለሚበልጥ 137 ሚሊሰከንድ ገደማ ይመጣል። ሪሞቱን ተቀብዬ ሚስተሩ በተሰካበት የኤችዲኤምአይ መግቢያ ላይ ይህን ሁሉ ማቀነባበር የሚቀንሰውን ጌም ሞድ አበራሁ፤ እንደገና ቀረጽን፤ 14 ቆጠርን። 58 ሚሊሰከንድ። ቦርዱን በጣቴ አልነካሁትም። ልጁ አላመነም፤ ራሱ ሁለት ጊዜ ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሌላ ቦርድ አዝዤ ነበር እኮ» አለኝ። ለዚህ ነው የሚቆጨኝ።

እንግዲህ ምክሬን ልብ በሉ። በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ጌም ሞድ የሚበራው ለእያንዳንዱ መግቢያ ለየብቻ ነው፤ ኬብሉን ከአንዱ ወደ ሌላው ካዛወራችሁ እንደገና አብሩት። እንቅስቃሴ ማለስለሻው በራሱ ጠፍቶ እንደሆነ በዓይናችሁ አረጋግጡ። በማሽኑና በቴሌቪዥኑ መካከል የድምፅ ሪሲቨር ካለ ለሙከራ አውጡት።

ቀጥሎ የሚስተርን የቅንብር ፋይል ክፈቱና ቪሲንክ አድጀስት የሚለውን መስመር ፈልጉ። ዜሮ ላይ ከሆነ ማሽኑ ፍሬሞቹን አጠራቅሞ ለቴሌቪዥኑ ልክ 60 ሄርትዝ ይሰጠዋል። ዋናው የኔንቲዶ ፍጥነት ግን 60.0988 ሄርትዝ ስለሆነ በየአሥር ሴኮንዱ ገደማ አንድ ፍሬም ይጣላል፤ ስክሪኑ ወደ ጎን ሲንሸራተት ትንሽ ስንክል የምትለዋ እሷ ናት። ወደ አንድ ስትቀይሩት የቴሌቪዥኑ ፍጥነት ከጨዋታው ጋር ይገጥማል፣ ማጠራቀሙ ግን እንዳለ ነው። ሁለት ላይ ማጠራቀሙም ቀርቶ መዘግየቱ ወደ ጥቂት መስመሮች ይወርዳል። ሁለትን የማይቀበል ቴሌቪዥንም አለ፤ ሥዕሉ ከጠፋባችሁ ማሽኑ አልተቃጠለም፣ ወደ አንድ መልሱት። እኔ ሁልጊዜ በሁለት ጀምሬ ወደ ታች እወርዳለሁ።

ለኢሙሌተርም ፍትሕ ላድርግ። ሬትሮአርክ የሚባለው የኢሙሌተር ፕሮግራም ከ2018 ጀምሮ ጨዋታውን ጥቂት ፍሬም ቀድሞ እያስኬደ የጨዋታውን የራሱን መዘግየት ሳይቀር የሚያስወግድ ቅንብር አለው። በደህና ኮምፒውተርና በፈጣን ሞኒተር ላይ በሚገባ የተስተካከለ ኢሙሌተር፣ ጌም ሞድ ያልበራለትን ኤፍፒጂኤ ጥሎት ይሄዳል። ኤፍፒጂኤን የምመርጠው ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚሠራልኝ ነው። እጅ የሚለምደው የማይለዋወጠውን ነው።

«ሞኒተሬ ካርቶኑ ላይ 1 ሚሊሰከንድ ይላል»

ካርቶኑ የሚናገረው አንዱ ፒክስል (የሥዕሉ ነጥብ) ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ለመለወጥ የሚፈጅበትን ጊዜ ነው። ሥዕሉ ስክሪኑ ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ስንት እንደሚቆይ አይነግራችሁም። የመጀመሪያው ቁጥር ሥዕሉ ሲሮጥ የሚደበዝዝ መሆን አለመሆኑን ይወስናል፤ መዘግየቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ውድ ኬብል መዘግየት ይቀንሳል»

አይቀንስም።

«የመስመር ፊልተር ስታበራ ይዘገያል»

ሚስተር ላይ የቱቦውን መስመሮች የሚያስመስለው ፊልተር የሚሠራው መስመሮቹ ሲያልፉ ስለሆነ የሚሰማ መዘግየት አይጨምርም፤ ያለ ስጋት አብሩት።

«ገመድ አልባ ጆይስቲክ ሁሉ ይዘገያል»

ሁሉም አይደለም። ዩኤስቢ ጆይስቲኩን «የተጫነ ቁልፍ አለ?» እያለ በየጊዜው ይጠይቃል። በተለመደው 125 ሄርትዝ በየ8 ሚሊሰከንዱ፣ በ1000 ሄርትዝ ደግሞ በየ1 ሚሊሰከንዱ ነው። የራሱ የ2.4 ጊጋ ሄርትዝ መቀበያ ያለው ጥሩ ገመድ አልባ ጆይስቲክ ርካሽ ባለ ገመዱን ሊቀድም ይችላል። ሚስተር ዩኤስቢውን በፍጥነት እንዲጠይቅ የሚያደርግ ቅንብር ስላለው አብሩት። የጥንቱ ጆይስቲክ በእጃችሁ ካለ ደግሞ ስናክ በሚባለው ማገናኛ ሊኑክሱን ሳይነካ በቀጥታ ኤፍፒጂኤው ውስጥ ይገባል። ከዚህ ያጠረ መንገድ የለም።

«እውነተኛው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ እሱ ዜሮ ነው»

ከማንም በላይ ቱቦ እወዳለሁ፤ በእሱ እንጀራ በልቻለሁ። ዜሮ የሚለው ግን አይገባኝም። የኤሌክትሮን ጨረሩ ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች ሲስል አንድ ሙሉ ፍሬም ይፈጅበታል፤ የስክሪኑ ታችኛ ጫፍ ከላይኛው ወደ 16 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይበራል። መለኪያው በመካከል ከተቀመጠ ምንም የማያቆይ ስክሪን እንኳ 8 ገደማ ያሳያል። አንዱን ስክሪን ከላይ፣ ሌላውን ከመካከል ለክተው የሚከራከሩ ሰዎችን አይቻለሁ።

«ማንኛውም ቱቦ ይሠራል» ማለትም ስህተት ነው። የድሮ ጌሞች መስመር የሚስሉት በ15 ኪሎ ሄርትዝ ገደማ ነው፤ አብዛኞቹ የኮምፒውተር ቱቦ ሞኒተሮች ከ31 በታች አይቀበሉም። አውሮፓ ውስጥ በመጨረሻ የተሸጡት 100 ሄርትዝ የሚባሉት ቱቦዎች ደግሞ ሥዕሉን በዲጂታል ይዘው የሚያቀነባብሩ ናቸውና እንደ ፍላቱ ይዘገያሉ። ተራ፣ አሮጌ፣ ማንም የማይፈልገው ቴሌቪዥን ይሻላችኋል። ሚስተርን ከእሱ ጋር ለማገናኘት የአናሎግ ቦርዱ አለ፤ ከሌለም ዳይሬክት ቪዲዮ የሚለውን አብርታችሁ በርካሽ የኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ መቀየሪያ ማውጣት ትችላላችሁ።

በጥንቱ የጨረር ሽጉጥ መጫወት የሚፈልግ ሰው ግን ከቱቦ ሌላ ምርጫ የለውም። በ1984ቱ ዳክ ሀንት ምላጩ ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ነጭ ሳጥን ይበራል፤ ሽጉጡ ያን ብርሃን በዚያው ፍሬም ይጠብቃል። በፍላት ስክሪን ብርሃኑ ሲደርስ ሽጉጡ መጠበቁን ጨርሷል።

ቱቦ ስታገኙ ጀርባውን አትክፈቱ። ይህን ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ። የቀለም ቱቦ ከ20,000 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ቻርጁ ውስጡ ሊቆይ ይችላል። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ነበር የሚሠሩት፤ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በልብ በኩል እንዳያልፍ። ቪዲዮ አይቶ ቀለም ለማስተካከል ጀርባውን ፈትቶ የጠበቀኝ ደንበኛ አጋጥሞኛል። ተቆጥቼዋለሁ፤ ዛሬም እቆጣለሁ።

«የድሮው ማሽን ራሱ ፍላት ስክሪን ላይ ይዘገያል፤ ስላረጀ ነው»

ማሽኑ አላረጀም። ቀዩን፣ ነጩንና ቢጫውን ገመድ ስትሰኩ ብዙ ቴሌቪዥኖች የጌሙን 240 መስመር ለሁለት እንደተከፈለ የ480 ሥዕል ይቆጥሩትና ግማሾቹን ለማጋጠም ይለፋሉ። የሚዘገየው እዚያ ነው። ኦኤስኤስሲን የመሰለ መስመር አባዣ ዕቃ በመካከል ካገባችሁ ችግሩ ይወገዳል።

«ስክሪኑን ካልሞላ ሥዕሉ ጎደለ»

አልጎደለም፤ ጨዋታዎቹ የተሳሉት ለ4 በ3 ነው። ወደ 16 በ9 ስትለጥጡት ክቡ ነገር ሁሉ እንቁላል ይሆናል። «ፒክስሉ እኩል አራት ማዕዘን መሆን አለበት» የሚሉትም ተሳስተዋል፤ የሱፐር ኔንቲዶ 256 በ224 ሥዕል በቱቦው ላይ ወደ ጎን ሰፍቶ ነው የሚታየው። ባለ 4ኬ ቴሌቪዥን ካላችሁ ግን ደስ ይበላችሁ፤ 240 በ9 ሲባዛ ልክ 2160 ስለሚሆን መስመሮቹ ሁሉ እኩል ይወፍራሉ። በ1080 ግን አራት ተኩል ስለሚመጣ አራት ላይ ቆማችሁ ጥቁሩን ጠርዝ ተቀበሉ።

«ሚስተር ላይ ጨዋታው ከልክ በላይ ይፈጥናል»

ይህን የሚሉኝ እዚህ አገር ያደጉት አይደሉም፤ የአገሬ ልጆች፣ በተለይ እኩዮቼ ናቸው። አንዱ አዲስ አበባ እያለ በጎረቤት ቤት ካሴት በሚሰካበት ከቻይና በመጣ የኔንቲዶ ቅጂ ማሽን የተጫወተ ሰው ነው። ሚስተሩን አብርቼለት ጥቂት እንደተጫወተ አስቀመጠው። «ይሄ የኛ አይደለም፤ ይቸኩላል» አለ።

ማሽኑ አልተሳሳተም። ያኔ የአገራችን ቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል የሚባለው፣ በሴኮንድ 50 ሥዕል የሚያሳየው ነበር፤ ለእንደዚህ ያለው አገር የተሠሩት ቅጂ ማሽኖች በ50 ፍሬም ይሄዱ ነበር። ጨዋታው ደግሞ የሚራመደው በፍሬም ልክ ስለሆነ ለ60 የተጻፈው በ50 ሲሄድ አንድ ስድስተኛ ያህል ይዘገያል፤ የዘፈኑም ምት እንዲሁ። የድምፁ ቅጥነት ግን ብዙም አይለወጥም፤ የቅጂው ፕሮሰሰር ፍጥነት ከዋናው ጋር ተቀራራቢ ነበርና። ሚስተር ለዚህ በሩስያ በተሸጠው ቅጂ ስም ዴንዲ የሚባል ምርጫ አለው። ሜኑውን ከፍቼ ኤንቲኤስሲ (የ60ው ሥርዓት) የሚለውን ወደ ዴንዲ ቀየርኩና ጆይስቲኩን መለስኩለት። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር እጁ ቆመ፤ ማሪዮን ባለበት አቁሞ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አዳመጠው።