በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ ውጭ መብላት፦ ዋጋውና ጥቅሙ

ይህ ጽሑፍ ለጥምቀት ጎንደር የሚገባው እንግዳ በሆቴል፣ በሥጋ ቤት፣ በጠጅ ቤትና በጠላ ቤት፣ ወይም ይዞት ከመጣው አገልግል እንዴት እንደሚመገብ ይዳስሳል። በዓሉ ሦስት ቀን ነው፦ ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ። ስለ ታቦታቱ፣ ስለ ነገሥታቱ ግንብና ስለ ፋሲለደስ መዋኛ ብዙ ተጽፏል። እንግዳው የት እንደሚበላ፣ ለከፈለውም ምን እንደሚያገኝ ግን አንድ ላይ የሰበሰበ ጽሑፍ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ያለኝን ይዤ ልሞክር። የአንድ ሳህን ዋጋ አልዘረዝርም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለከርሞ ያስቃል። ዋጋው በምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ ማወቁ ይበልጥ ይጠቅማል።

ከግብር እስከ ፒያሳ

ጎንደር በአፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ በ1628 ዓ.ም. ገደማ የነገሥታት መቀመጫ ስትሆን በገንዘብ የሚበላበት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው የሚበላው ወይ በቤቱ፣ ወይ በዘመድ ቤት፣ ወይ በግብር ላይ ነው። ነጋዴው በሶውንና ቆሎውን ቋጥሮ ይመጣል። መንገደኛው ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ» ይላል፤ «ቤት የእግዜር ነው» ይባላል፤ ይገባል።

ከሁሉም በደንብ የምናውቀው ግብሩን ነው። በግንቡ ቅጥር ውስጥ የአፄ በካፋ ቤተ መንግሥት ረጅም የግብር አዳራሽ ነበረው፤ ዛሬም ጎብኚ በፍርስራሹ መሐል ያልፋል። ግብር ሲገባ ሰው በማዕረጉ ይቀመጣል። ብልቱም በማዕረግ ነው፤ ሻኛ የሚደርሰውና ጎድን የሚደርሰው አንድ አይደለም። ክፍያው ብር ሳይሆን አገልግሎት ነበር። የበላ ይዘምታል፣ ያጅባል፣ ያወድሳል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ጎንደር ገብቶ ሁለት ዓመት ግድም ቆየ። ማረፊያው እቴጌ ምንትዋብ ያሉበት ቁስቋም ነበር፤ በፈንጣጣ የታመሙ የቤተ መንግሥት ልጆችን አክሟል። ያየውን ግብዣ በዝርዝር ጽፎታል። የጤፍ እንጀራው በገበታው ላይ እንደ ሳህን ተደርድሯል፤ ጥሬ ሥጋው ትኩስ ይመጣል፤ ወንዱ በሁለት ሴቶች መሐል ይቀመጣል፤ ሴቶቹ ሥጋውን ቆራርጠው በእንጀራ ጠቅልለው ያጎርሱታል። ትልቅ ጉርሻ የሚጎርስና ሲያኝክ ድምፅ የሚያሰማ ጨዋ ይባላል ይላል። ሎንዶን ተመልሶ ይህንን ሲያወራ ብዙዎች ሳቁበት፤ ከሁሉም በላይ በሕይወት ካለች ላም ሥጋ ሲቆረጥ አየሁ ማለቱን አላመኑትም። ይህኛውን ወሬ የእኛም ሰዎች ሲያስተባብሉት ይሰማል። ስለ ጉርሻው ግን የሚከራከር ጎንደሬ የለም። ዛሬም ጥር 11 ቀን አንድ ሥጋ ቤት ገብታችሁ ብትቀመጡ ከአጠገባችሁ ያለ የማታውቁት ሰው ሊያጎርሳችሁ ይችላል። ለእሱ ሒሳብ አይመጣም።

ጣልያን ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ከ1928 ጀምሮ ፒያሳን ሠራ፤ ከአደባባዩ ጋር ቡና ቤቱን፣ ማኪያቶውንና ፓስታውን አመጣ። ኅዳር 18 ቀን 1934 እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሰጥቶ ሄደ፤ ማኪያቶው ቀረ። ቀማምሶ ተነስቶ ሒሳብ መክፈል የሚባለው ልማድ በከተማዋ ሥር የሰደደው በእነዚያ ዓመታት ይመስለኛል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊና የቀበሌ ራሽን ስለነበር ውጭ መብላት ብዙም የሚወራለት አልነበረም። ከ1983 በኋላ ሆቴሉ በዛ፤ ዳሸን ቢራ እዚሁ ተከፈተ፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በየግቢው በር ርካሽ ምግብ ቤቶችን አበዛ።

ቀኑ ምግቡን ይመርጣል

በጥምቀት ሰሞን ምን እንደሚበላ የሚወስነው ሜኑ ሳይሆን ቀን መቁጠሪያው ነው። ጥር 10 ገሃድ ነው፤ ይጾማል። ታቦታቱ ከሰዓት በኋላ ከየደብሩ ወጥተው ከፒያሳ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው መዋኛ ይወርዳሉ። (መዋኛውን ፋሲለደስ አላሠራውም፣ የልጅ ልጁ ኢያሱ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ፋሲለደስ ብለን እንጠራዋለን።) የዚያን ቀን በየአይነቱ ነግሦ ይውላል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አተር ክክ። ለኪስ ከሦስቱ ቀናት የሚሻለው ይኸኛው ነው፤ አንድ ትልቅ በየአይነቱ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ እንጀራ መጨመርም ነውር የለውም።

ከጣና የሚመጣ ዓሳም አለ። ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ነገር አያልቅም። ቤተ ክርስቲያን አይፈቀድም ብትልም ብዙ ሰው ይበላል፤ ምግብ ቤቶችም ከጾም ምግቡ ጋር ይጽፉታል። እኔ እዚህ ውስጥ አልገባም።

ጥር 11 ንጋት ላይ ጸበሉ ተረጭቶ ሲያበቃ ነገሩ ይገለበጣል። ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ ይፈሰካል። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሕዝብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይርበዋል። ዋጋ የሚሰቀለው እዚህ ላይ ነው። ጥብሱ የትናንት ወዲያው ጥብስ ነው፤ በሬውም ያው በሬ ነው። የምትከፍሉት ለወንበሩ ነው። ከመዋኛው እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው ታቦታቱ ሲመለሱ ያያል፤ ያንን የሚያሳይ በረንዳ ያለው ቤት ሳህኑን እንደፈለገ ይተምነዋል። ሁለት ቅያስ ገባ ብትሉ ያው ጥብስ ረከስ ብሎ ይጠብቃችኋል፤ እይታው ግን የለም። ጎሃን የመሰሉ ተራራ ላይ ያሉ ሆቴሎችም እንዲሁ ናቸው፤ ሒሳቡ ውስጥ ከተማዋን ቁልቁል ማየት አለበት።

ሒሳቡ ሲመጣ

ትላልቆቹ ሆቴሎች ሜኑ ላይ የሚጽፉት ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። ሜኑው 400 ብር ካለ 440 ይሆንና 506 ብር ትከፍላላችሁ። ብዙ ሰው የሚናደደው በ106ቱ ብር ሳይሆን አስቀድሞ ባለማወቁ ነው። «ታክስ አለው ወይስ የለውም?» ብሎ ቀድሞ መጠየቅ እዚህ አያሳፍርም።

ሥጋ ቤት ደግሞ በኪሎ ነው። ለአራት ሰው ኪሎ ተኩል ጥብስ ከእንጀራ ጋር በቂ ነው፤ ለየብቻ ከማዘዝ ይረክሳል። ግን ሲመዘን ቆማችሁ እዩ። አንድ ዓመት ከዘመዶቼ ጋር ስሙን የማልጠራው ቤት ገባን። ጥብሱ በሸክላው ላይ እየተንጣጣ፣ ከሰሉ ከሥሩ ፍም ሆኖ መጣ፤ ደስ ይላል። ቃሪያውንና ሽንኩርቱን ገለጥ ስናደርገው አጥንቱ ከሥጋው ይበልጣል። አጎቴ አጥንቱን አንድ በአንድ ከሳህኑ ዳር ደረደረና አስተናጋጁን ጠርቶ «ልጄ፣ ይቺን መልሰህ መዝናት» አለው። ልጁ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን፤ የከፈልነው ግን ሙሉውን ነው።

የፈረንጅ ዋጋ የሚባል ነገርም አለ። ሁለት ሜኑ የሚያስቀምጡ ቤቶች እንዳሉ ይነገራል፤ ከውጭ የመጡ ዘመዶቻችን ሳይቀሩ ይማረራሉ። ሁሉም ቤት እንዲህ ነው ማለት ግን ሐሜት ነው። ደግሞ ባለቤቶቹም የሚሉት አላቸው። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ዘይቱም ሌላውም ተከተለ። ጦርነቱና የክልሉ ግጭት ለዓመታት እንግዳ አርቋል። ዓመቱን ሙሉ ባዶ ወንበር ሲጠርግ የከረመ ሰው በሦስት ቀን ሊያካክስ ቢሞክር አይፈረድበትም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፤ ለጥምቀት ያልሸጠ ምግብ ቤትማ መቼ ሊሸጥ ነው?

ጠጅ ቤቱና አዝማሪው

ማታ ላይ ወጪው ከምግቡ ወደ ጨዋታው ይዞራል። በጎንደር አቅራቢያ ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪ አገር ናት፤ ማሲንቆ ይዞ ከተማ የሚገባው ብዙው ከዚያ ነው። አንድ ብርሌ ጠጅ ብዙ አያስከፍልም። ግን አዝማሪው ከፊታችሁ ቆሞ ስማችሁን፣ ጫማችሁን፣ አጠገባችሁ የተቀመጠችውን ልጅ በግጥም ሲያነሳ እጅ ኪስ ይገባል። ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛው ግጥም ከመጀመሪያው ይጥማል፤ ሦስተኛው ይነካል። የጠጅ ብር ይዞ የመጣ ሰው የአዝማሪውን ከየት ያመጣል? ዝርዝር ይዛችሁ ግቡ።

ርካሹ ጠላ ቤት ነው። ምልክቱ በር ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ነው። የቤት ጠላ፣ ቆሎ፣ ዱካ ላይ መቀመጥ። ሜኑ የለም፣ ታክስም የለም።

አገልግሉ

ከሁሉም የሚያዋጣው ግን ዛሬም ይዞ መምጣት ነው። ከገጠር ለጥምቀት የሚገባው ሰው አገልግል ይይዛል፦ በሣር ተሰፍቶ ላዩ በፍየል ቆዳ የተለበጠ፣ በጠፍር የሚንጠለጠል። ፍትፍቱ ውስጡ ሳይደርቅ ይውላል። መዋኛው አካባቢ ጥላ ሥር ክዳኑ ሲከፈት የበርበሬው ሽታ ከእጣኑ ጋር ይቀላቀላል። አላፊውም «እንብላ» ይባላል።

ይህ የድሃ ዘዴ ብቻ አይደለም። ፍሎሪዳ ያለው ዲዝኒ ወርልድ እንኳ፣ በውድ ምግቡ የሚታማው፣ ቤተሰብ ስንቁን ይዞ ቢገባ ይፈቅዳል። ከሆቴሉ ጋር አስቀድሞ የሚከፈል የምግብ ጥቅልም አለው፤ በኮሮና ጊዜ በ2020 እ.ኤ.አ. ቆሞ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ተመለሰ። ያዋጣል አያዋጣም የሚለው ክርክር እዚያም አለ። ጠግቦ የሚበላ ልጅ ያለው ያዋጣል ይላል፤ ልጁ ድንች ጥብስ ብቻ የሚበላበት አያዋጣም ይላል። እኛ ጋ ጥቅሉ ዘመድ ነው። ጎንደር ዘመድ ያለው ሰው በሦስቱ ቀናት አንድ ምሳ በገንዘቡ ከበላ ተቀይመውታል ማለት ነው። በእርግጥ ባዶ እጅ አይኬድም። ስኳር፣ ቡና ወይም ጠርሙስ ይያዛል፤ ሲደመር አንዳንዴ ከሆቴሉ ይበልጣል።

ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ሲገባ ከተማዋ መተንፈስ ትጀምራለች። ጥር 13 ጠዋት አዘዞ ወዳለው አውሮፕላን ማረፊያና ወደ መናኸሪያው የሚሄደው ሄዷል። ፒያሳ ላይ በረንዳው ባዶ ነው። አስተናጋጁ ማኪያቶውን ሳትጠሩት ያመጣል፤ የሰሞኑ የዋጋ ወረቀት ከግድግዳው ተነስቶ ማስቲሹ ብቻ ቀርቷል።