በማስረጃ ያልተረጋገጡ አማራጭ የካንሰር ሕክምናዎች

በማስረጃ ያልተረጋገጡ አማራጭ የካንሰር ሕክምናዎች የሚባሉት ቀዶ ሕክምናን፣ የጨረር ሕክምናንና ኬሞቴራፒን ተክተው ካንሰርን ያድናሉ የሚባልላቸው፣ ነገር ግን ፈዋሽነታቸው በሰዎች ላይ በተደረገ ሥርዓት ያለው ጥናት ያልታየ ዘዴዎች ናቸው። ከመደበኛው ሕክምና ጎን ለጎን ሕመምን፣ ማቅለሽለሽንና ጭንቀትን ለማቅለል የሚሰጡት ተጓዳኝ ሕክምናዎች ከእነዚህ ይለያሉ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመካከላቸው ብዙ ሰነድ ያለው ስለ አሚግዳሊን ነው። ንጥረ ነገሩን ፈረንሳውያን ኬሚስቶች በ1830 ከመራራ አልሞንድ ለይተው አወጡት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከእርሱ ጋር የሚቀራረብ ምርት ‹‹ላይትሪል›› በሚል ስም በአሜሪካ ለካንሰር ይቀርብ ጀመር፤ በኋላም ‹‹ቫይታሚን ቢ17›› ተባለ። ቫይታሚን ግን አይደለም፤ ሰውነት ስላጣው የሚመጣ የታወቀ በሽታ የለም። ደጋፊዎቹ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ በካንሰር ሴል ውስጥ ብቻ ይለቃል ይሉ ነበር። የአፕሪኮት ጠንካራ ፍሬ ተሰብሮ በውስጡ ያለው መራራ ጥሬ ሲታኘክ ግን እስከዚያ ተለያይተው የነበሩት አሚግዳሊንና ሰባሪው ኢንዛይም ይገናኛሉ፤ ሳያናይድም ይወጣል። የአንጀት ባክቴሪያዎችም ይህንኑ ሥራ ስለሚሠሩ በአፍ የተዋጠው በደም ሥር ከተሰጠው የበለጠ መርዛማ ነው። ሳያናይድ ሴሎች ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል እንጂ የታመመውን ከጤነኛው አይለይም።

በ1970ዎቹ ከ20 በላይ የአሜሪካ ግዛቶች የላይትሪልን አጠቃቀም በሕግ ፈቀዱ። ክርክሩ በምስክርነት ብዛት ሊፈታ አልቻለም፤ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶለት ላይትሪል የወሰደ ሰው ሲድን ምስጋናው ለላይትሪል ይሆን ነበርና። ስለዚህ ማዮ ክሊኒክ የተባለው የአሜሪካ የሕክምናና የምርምር ማዕከልና ሌሎች ማዕከላት፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ድጋፍ፣ 178 ሕሙማንን ደጋፊዎቹ ራሳቸው ከሚመክሩት አመጋገብ፣ ኢንዛይምና ቫይታሚን ጋር በመድኃኒቱ አከሙ። ለተቃራኒው ሐሳብ ሙሉ ዕድል የሰጠ፣ ሊከበር የሚገባው ሥራ ነበር። ውጤቱ በ1982 ታተመ፤ የዳነ ሰው አልተገኘም። የአንድ ሕመምተኛ ዕጢ ለጥቂት ሳምንታት ቀንሶ ዳግም አደገ፤ ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ አምስት ወር ሳይሞላ ሞቱ፤ በአንዳንዶቹ ደም ውስጥም ሳያናይዱ ለሞት ወደሚያደርስ መጠን ተጠግቶ ነበር።

የቫይታሚን ሲ ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለት የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሊነስ ፖሊንግና ሐኪሙ ኢዋን ካሜሮን በ1976፣ ቫይታሚኑን በብዛት የወሰዱ 100 ሕሙማን ካልወሰዱ 1,000 ሕሙማን የበለጠ ዕድሜ እንዳገኙ ጻፉ፤ የንጽጽሩ ሕሙማን ግን ከቀድሞ መዝገብ የተወሰዱ ነበሩ። ማዮ ክሊኒክ በ1979 እና በ1985 ባወጣቸው ጥናቶች፣ በዕጣ ተመድበው በቀን 10 ግራም ቫይታሚን ወይም ቫይታሚኑ የሌለበት ማስመሰያ በተሰጣቸው ሕሙማን መካከል ጥቅም የሚያሳይ ልዩነት አላገኘም። በደም ሥር ሲሰጥ ወደ ደም የሚደርሰው መጠን እጅግ ከፍ ስለሚል ምርምሩ ቀጥሏል፤ በመደበኛ ሕክምና ቦታ የሚያስቀምጠው ማስረጃ ግን የለም።

ከሻርክ ልም አጥንት የተዘጋጀ ምርት በ379 የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ዕድሜ አላራዘመም። በኢንዛይም፣ በአመጋገብና በቡና የአንጀት እጥበት የታከሙ የቆሽት ካንሰር ሕሙማን በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 4.3 ወር ሲሆን፣ ኬሞቴራፒ የወሰዱት 14 ወር ነበር፤ ምርጫው ግን የሕሙማኑ እንጂ በዕጣ አልነበረም።

ሳይንስ ዕፅዋትን ይንቃል የሚለው ወቀሳ ፍትሐዊ አይደለም። ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት የተገኘው ከማዳጋስካር አበባ ነው። ሌላው የካንሰር መድኃኒት ፓክሊታክሴል የወጣበት የፓሲፊክ ዛፍ ቅርፊት በ1962 ተሰብስቦ፣ መድኃኒቱ የተፈቀደው በ1992 ነው።

በ2018 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ገና ያልተሠራጨ የጡት፣ የፕሮስቴት፣ የሳንባ ወይም የአንጀት ካንሰር ኖሮባቸው አማራጩን ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን መደበኛውን ሕክምና ካገኙት ጋር አነጻጽሮ፣ የሞት አደጋቸው 2.5 እጥፍ እንደነበር አሳይቷል፤ በጡት ካንሰር ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። ዕፅን ከመድኃኒት ጋር መደባለቅም ዋጋ ያስከፍላል፦ ለድብርት የሚወሰደው ሴንት ጆንስ ዎርት ኢሪኖቴካን የተባለው የካንሰር መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚለወጥበትን ንቁ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ በ42 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ሕመምተኛው ግን ያንኑ መድኃኒት በሙሉ መጠን የወሰደ ይመስለዋል።