የኮፈን ሁለተኛ መንጠቆ ምንድን ነው?

ከመሪው ሥር ያለችው እጀታ ስትሳብ ኮፈኑ፣ ማለትም የሞተሩ ክዳን፣ «ጧ!» ብሎ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብድግ ይላል እንጂ አይከፈትም። ከመኪናው ወርዶ፣ ወደ ፊት ዞሮ፣ በጠባቧ ክፍተት ጣትን ሰድዶ፣ አንዲት የተደበቀች ምላስ ፈልጎ መግፋት ወይም ማንሳት ያስፈልጋል። ያቺ ምላስ የምታስለቅቀው ብረት ሁለተኛው መንጠቆ ነው፤ የደኅንነት መንጠቆ የሚሉትም አሉ። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ዋናው መቆለፊያ በሆነ ምክንያት ቢለቅ፣ መኪናው እየሄደ ሳለ ኮፈኑ ተነሥቶ የሾፌሩን ዓይን እንዳይጋርድ ይዞ ማቆየት።

ብዙ ሰው ይህቺን መንጠቆ የሚያስታውሳት ሲረግማት ነው። የደብረ ብርሃንን ማለዳ የሚያውቅ ይመሰክራል። ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ በታኅሣሥ ውርጭ፣ ባትሪ ደክሞ ሞተር አልነሣም ባለበት ሰዓት፣ የደነዘዘ ጣት ጠርዙ ስል በሆነ ላሜራ ሥር ይርመሰመሳል። ሾፌሩ ከውስጥ «ወደ ግራ ግፋው!» ይላል፤ ረዳቱ ከውጭ «ኧረ ጋሼ፣ ምንም የለም!» ብሎ ይመልሳል፤ «እንግዲያው ወደ ላይ አንሣው!»። ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም። አንዱ ፋብሪካ ምላሷን ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው ወደ ላይ እንድትሄድ አድርጎ ይሠራታል፤ ቦታዋም አንዴ መሀል፣ አንዴ ከመሀል ፈንጠር ብሎ ነው። ደኅንነቷ ሳይነካ ለእጅ የምትመች መንጠቆ መሥራት ይህን ያህል ያስቸግራል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለመመለስ ከነፋሱ መጀመር ይሻላል። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ የኮፈኑ ማጠፊያ ከኋላ፣ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ነው፤ የሚከፈተው አፉ ወደ ፊት ያያል። መኪናው ሲሮጥ በራዲያተሩ በኩል የሚገባው አየር ኮፈኑን ከሥር ይገፋዋል፤ ከላዩ የሚያልፈው ደግሞ ወደ ላይ ይስበዋል። አፉ ትንሽ ቀና ካለማ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላል። ይህ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በባሕር ጠለል አየር፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ግፊት 30 ኪሎ ያህል ክብደት ነው። ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር፣ ክብደቱ 15 ኪሎ የሆነ ኮፈን ምንም የሚይዘው ከሌለ በራሱ ክብደት ብቻ ተኝቶ ይቆያል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱም በሩብ ያህል ይቀንሳል። ይህ ግን ማንንም ሊያጽናና አይገባም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ፣ 80 በሚሄድ መኪና ላይ ያለ ኮፈን የሚገጥመው የ110 ነፋስ ነው፤ ግፊቱ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሄደ ሰው ቦታውን ያውቀዋል፤ ጉም፣ ጠመዝማዛ፣ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል እያቃሰተ የሚወጣ ተሳቢ። ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ 1,280 ሜትር፣ በተወረደ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፤ ቁልቁለቱ አልቆ መንገዱ ሲዘረጋም የሾፌሩ እግር ይከብዳል። ኮፈኑ የሚፈተነው እዚህ ነው።

ኮፈን እየሄዱ ሳለ ቢነሣ ምን ይደረጋል? ፍሬን በድንገት መርገጥም ሆነ መሪ መጠምዘዝ አያዋጣም፤ ከኋላ ያለው ሰው የሆነውን አያውቅም። የአደጋ መብራት አብርቶ፣ በኮፈኑና በመኪናው አካል መካከል በግርጌ በምትቀረው ክፍተት እያዩ፣ ካልሆነም በጎን መስኮት እየተመለከቱ፣ ቀስ በቀስ ፍጥነት ቀንሶ ዳር መያዝ ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ሁለተኛው መንጠቆ የተፈጠረው ይህ ምክር ጨርሶ እንዳያስፈልግ ነው።

አሜሪካ ነገሩን በሕግ ያሰረችው ቀደም ብላ ነው። የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ ቁጥር 113 ከጥር 1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና ሲሆን የሚለውም አጭር ነው፦ ማንኛውም ኮፈን መቆለፊያ ይኑረው፤ ከፊት የሚከፈትና ሲከፈት የሾፌሩን እይታ የሚጋርድ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ የመያዣ ደረጃ ወይም ሁለተኛ መቆለፊያ ይኑረው። ደንቡ ከፊት የሚከፈተውን ለይቶ መናገሩ በከንቱ አይደለም። ማጠፊያው ከፊት የሆነ ኮፈን አፉ ወደ ሾፌሩ ስለሚሆን ነፋስ ይዘጋዋል እንጂ አይከፍተውም። አሮጌው ሳዓብ 900 እና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበረው ቢኤምደብሊው 3 እንዲህ ነበሩ። ብልህ አሠራር ነው፤ ነገር ግን መካኒኩ ሞተሩን ከጎን እንጂ ከፊት ማግኘት ስለማይችል፣ ከፊት ግጭት በኋላም ማጠፊያው ስለሚጣመም፣ ብዙ ተከታይ አላገኘም።

አሁን ወደ ብረቱ። ከኮፈኑ ሥር የታጠፈ ወፍራም ዘንግ ይወርዳል፤ ቀለበት እንበለው። ከራዲያተሩ በላይ ባለው ተሻጋሪ ብረት ላይ ደግሞ ሹካ መሰል ብረት አለ። ኮፈኑ ሲወርድ ቀለበቱ ሹካውን ያዞረዋል፤ አንድ ጥርስም መጥቶ እንዳይመለስ ይነክሰዋል። ይህ ዋናው መቆለፊያ ነው። ከሾፌሩ አጠገብ ያለችው እጀታ፣ መካኒኮች ካቦ በሚሉት የብረት ገመድ አማካይነት ያንን ጥርስ ትስበዋለች፤ ጥርሱ ሲለቅ ሞላው ኮፈኑን ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። ሁለተኛው መንጠቆ ከዚህ ሁሉ ጋር ግንኙነት ሊኖረው አይገባም። የራሱ ማዞሪያ ሚስማር፣ የራሱ ሞላ፣ ከካቦውም ነጻነት። ካቦው ቢወጠር፣ ጥርሱ ቢያልቅ፣ ሰው ሳያስበው እጀታውን ቢስብ፣ መንጠቆው ነገሩ እንዳልነካው ሆኖ መቆም አለበት። ጠቃሚነቱ በሙሉ ከዚህ ይመነጫል፤ አንዱን ያበላሸ ነገር ሌላውን ማበላሸት የለበትም።

ምቾትን የሚያመጣ ንድፍ ሁሉ የሚመዘነው በዚሁ ነው። ለምሳሌ በአዳዲስ ቢኤምደብሊው መኪኖች የውስጧን እጀታ ሁለት ጊዜ መሳብ በቂ ነው፤ የመጀመሪያው ስበት ዋናውን፣ ሁለተኛው መንጠቆውን ይለቃል። ጣት አይቆሽሽም፣ ማንም በላሜራ ሥር አይርመሰመስም። እኔ ግን ለአገራችን መንገድ አልመርጠውም። የሁለቱም ዕጣ በአንድ እጀታና በአንድ መስመር ላይ ወድቋል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጀታ የሚጎትት ሕፃን ሁለት ጊዜ ለመጎተት አይሰንፍም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የድሮው መንጠቆ የሚከፈተው መኪናው ቆሞ፣ አንድ ሰው ፊቱ ሲቆም ብቻ ነው። ያ ድካም ራሱ ጥበቃ ነው። መታገል ያለበት ከመኪና መውረዱ ሳይሆን ጨለማ ውስጥ መዳበሱ ነው።

ይህን የተረዱ ፋብሪካዎች ጥሩ መልስ ሰጥተዋል። በአንዳንድ መርሰዲስ ሞዴሎች ላይ የውስጧ እጀታ ስትሳብ ከፊት ፍርግርጉ መሀል አንዲት ምላስ ብቅ ትላለች፤ እሷን ስቦ ማንሳት ነው። የምትታይ ስለሆነች ፍለጋ የለም። ብቅ ማለቷም ኮፈኑ እንዳልተዘጋ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ትናገራለች። ጂፕ ራንግለር ደግሞ ከኮፈኑ ግራና ቀኝ በውጭ በኩል የሚታዩ መያዣዎች አሉት፤ መሀል ላይ ተጨማሪ መንጠቆ ስላለው የጎኖቹን ፈትቶ የረሳ ሾፌር ወዲያው ጉድ አይሆንም።

ከባዶ ወረቀት የሚጀምር ሰው ብሆን የማስቀድመው የመንጠቆውን አፍንጫ ነው። ቀለበቱ የሚያርፍበት ገጽ ጠፍጣፋ ወይም ወደ ውጭ ያዘመመ ከሆነ ነፋስ ኮፈኑን በሳበ ቁጥር መንጠቆው ለመንሸራተት ይፈልጋል። ወደ ውስጥ በጥቂቱ ካዘመመ ግን ስበቱ ራሱ የበለጠ ያጠብቀዋል። ለመክፈት ኮፈኑን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይሁን፤ ነፋስ ኮፈንን ወደ ታች አይጫንም። ቀጥሎ ምላሷ ናት። ጓንት ያደረጉ ሁለት ጣቶች የሚያርፉባት ሰፊ ትሁን፤ ጫፏ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ፕላስቲክ ይልበስ፤ መሀል ላይ ትሁን፤ እንቅስቃሴዋም እጁ አስቀድሞ ከሚያደርገው ጋር ይስማማ። ኮፈን የሚያነሣ ሰው መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚገባው። ስለዚህ ምላሷ በኮፈኑ ላይ ተገጥማ፣ ከኮፈኑ ጠርዝ ጋር አብራ እንድትጨበጥ ብትደረግ፣ ጭብጡ ይለቃል፣ ክንዱ ያነሣል፤ አንድ እጅ ይበቃል። ወደ ጎን የሚገፋው ዓይነት ግን አንዱን እጅ ለመግፋት፣ ሌላውን ለማንሳት ይጠይቃል፤ የእጅ ባትሪውን ማን ይያዝ?

ሞላው ቢሰበርስ? የመንጠቆው ክብደት ወደሚዘጋበት አቅጣጫ እንዲያደላ ከተሠራ፣ ሞላ ባይኖርም በራሱ ክብደት ወደ ቦታው ይወድቃል። ይህ ምንም ተጨማሪ ዕቃ የማይጠይቅ፣ የሚስማሩን ቀዳዳ ቦታ በመምረጥ ብቻ የሚገኝ ዋስትና ነው።

በወረቀት ያማረ ንድፍም የሚሸነፈው በዝገት ነው። ኒሳን በዚህ የተነሣ ብዙ ተፈትኗል። ከ2013 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ባሉት ሞዴሎች አልቲማ መኪኖች ላይ የመቆለፊያው ቀለም እየተላጠ፣ ማዞሪያው እየዛገ፣ ሁለተኛው መንጠቆ ተከፍቶ እንደ ቆመ የሚቀርበት አጋጣሚ ተፈጠረ። ኩባንያው ከ2014 ጀምሮ ደጋግሞ ለጥገና ከጠራ በኋላ በ2020 ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚሆኑትን እንደገና ጠራ። ነገሩ የተጀመረው ከቀለም ንጣፍ ነበር። መንጠቆው የተቀመጠው የፊት ጎማ ያስነሣው ጭቃ፣ የዝናብ ውኃና የራዲያተሩ ሙቀት በሚገናኙበት ቦታ ነው። በክረምት ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ፣ በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ድረስ የተመላለሰ መኪና በዚያ ማዞሪያ ውስጥ ምን ያህል አፈር እንደሚይዝ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። ሁነኛ ንድፍ ሚስማሩን በፕላስቲክ ወይም በነሐስ እጅጌ ይጠብቀዋል፤ ውኃ የሚወርድበት ቀዳዳም ይተውለታል። ባለመኪናው በበኩሉ አልፎ አልፎ አጥቦ ግራሶ ሊቀባው ይገባል፤ ብዙ ሰው ዘይት ሲለውጥ ይህን አይጠይቅም፤ ብዙ ጋራዥም ካልተጠየቀ አይሠራውም።

ከግጭት በኋላ የሚሆነውን መናገር ደስ አይልም፤ ግን መባል አለበት። የፊት ላሜራው ተቀጥቅጦ ሲቃና ቀለበቱና መንጠቆው በጥቂት ሚሊ ሜትር ይተላለፋሉ። ሠራተኛው ኮፈኑ አልዘጋ ሲለው አቀማመጡን በማስተካከል ፈንታ መንጠቆውን ፈትቶ ይጥለዋል፤ ቀለም ይቀባል፤ መኪናው ያምራል። ወይም በሽቦ ያስረዋል። ሽቦ ጉዞ ጀምሮ ቤት ለመድረስ ሊረዳ ይችላል፤ ቋሚ መፍትሔ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሚኒባስና አይሱዙ የሚነዱ «እኛ ምን ቸገረን» ሊሉ ይችላሉ። ሞተሩ ከወንበር ሥር በሆነው ሃይስ ላይ በእርግጥ ይህ ጣጣ የለም። አይሱዙ ኤንፒአር ግን ጋቢናው ራሱ ወደ ፊት ይጋደማል፤ በዚያም ላይ ከዋናው ማስለቀቂያ ሌላ የደኅንነት መንጠቆ አለ። ሐሳቡ ያው ነው፤ የሚነሣው ዕቃ ብቻ ከበደ።

መንጠቆው መሥራቱን ለማወቅ ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። ኮፈኑን በመደገፊያ ዘንጉ አስደግፎ፣ መንጠቆውን በጣት ገፍቶ መልቀቅ ነው፤ ቀጥ ብሎ በራሱ ካልተመለሰ ወይ አፈር ይዞታል፣ ወይ ሞላው ደክሟል። ከዚያ ኮፈኑን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ለቆ መዝጋት፤ በመዳፍ መጫን ላሜራውን ያጎብጣል። የውስጧ እጀታ አንድ ጊዜ ስትሳብ ኮፈኑ ብድግ ብሎ መቆም አለበት፤ በዚህ ጊዜ ምላሷ ሳትነካ ጠርዙን ይዞ ወደ ላይ በኃይል መሳብ ነው። ከተከፈተ መኪናው የሚሠራ ሁለተኛ መንጠቆ የለውም ማለት ነው። መካኒኮች ደግሞ ኮፈኑ እንደ ተከፈተ ሹካውን በካቻቢቴ ጫፍ ገፍተው ይዘጉታል፤ ጥርሱ መንከሱን በዓይናቸው ያያሉ። እንዲህ የሚሞክር ሰው ኮፈኑን ከማውረዱ በፊት የውስጧን እጀታ ስቦ ሹካውን መልሶ መክፈት አለበት፤ ካልከፈተው ቀለበቱ በተዘጋ ሹካ ላይ ይወድቅና አንዱ ይጣመማል።