ምድር ስትሞቅ ውቅያኖስ ይቆማል? ስለ ጥንቱ ባሕር የሚባለውና እውነታው

ዛሬ የውቅያኖስ ጥልቅ ውሃ አብዛኛው ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በኢኦሲን ዘመን መጀመሪያ፣ ያው ጥልቅ ውሃ ከ10 ዲግሪ ያልፍ ነበር። ዋልታዎቹም ላይ ይህ ነው የሚባል የበረዶ ክምር አልነበረም። ስለዚያ ባሕር የሚባለው ብዙ ነው፤ ግማሹ ግን አያስኬድም።

«በረዶ ከሌለ ውሃው አይሰምጥም፤ ባሕሩ ኩሬ ይሆናል»

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ዛሬ በግሪንላንድና በአንታርክቲካ አቅራቢያ ውሃው ቀዝቅዞ፣ ከብዶ ይሰምጣል። ስለዚህ ቅዝቃዜው ከጠፋ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል ብሎ ማሰብ ይቀላል።

ውሃው ግን የግድ በረዶ ሊሆን እስኪቃረብ መቀዝቀዝ የለበትም። ከሥሩ ካለው ውሃ ከከበደ ይበቃል። በኢኦሲን የአንታርክቲካ ዳርቻ ዘንባባ ይበቅል ነበር። ቀልድ አይደለም፤ እዚያ ከባሕር ወለል ተቆፍሮ በወጣ ደለል ውስጥ 52 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የዘንባባ ብናኝ ተገኝቷል። ቢሆንም በብርድ ወራት እዚያ ፀሐይ እምብዛም አትታይም። 10 ዲግሪ አካባቢ የነበረው የዳርቻው ውሃ፣ በዘመኑ ከነበረው ሁሉ ቀዝቃዛው ነበር። የሰመጠውም እሱ ነው። የጥልቁ ሙቀት ከዚህ ጋር መግጠሙ በአጋጣሚ አይመስልም።

ኦክስጅኑም አለ። ኦክስጅንን ወደ ጥልቁ የሚያደርሰው ከላይ የሚሰምጠው ውሃ ነው፤ ይህ ዝውውር ቆሞ ቢሆን ኖሮ ጥልቁ በታፈነ ነበር። የዘመኑ ደለል ግን ወለሉ ላይ ይኖሩ በነበሩ ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ደቃቅ ባለ ዛጎል ፍጥረታት ቅሪት የተሞላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል፦ ከ94 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተፈጠረው ጥቁር የባሕር ጭቃስ? እውነት ነው፣ ያኔ በብዙ ቦታ ኦክስጅን አልቋል። ሙቅ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ዝቅተኛ ነው፤ አትላንቲክም ገና ጠባብ ነበር፤ በዚያ ላይ ማዕድን የጠገበ ውሃ ብዙ ሕይወት አብቅሎ፣ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ጨረሰው። ይህ ግን መላው ውቅያኖስ ቆሟል ማለት አይደለም።

«ከሐሩር አካባቢ የመጣ ሙቅ ጨዋማ ውሃ ጥልቁን ሞላው»

ይህን ሐሳብ አሜሪካዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ቶማስ ቻምበርሊን በ1906 አቀረበው። ለእኔ ከሁሉም ማራኪው ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ቀይ ባሕርን እንይ። በኃይለኛ ትነት ጨዋማነቱ ከፍ ያለው ውሃ፣ ከ20 ዲግሪ በላይ እየሞቀም፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይሰምጣል። ጨው ሙቀትን ያሸንፋል ማለት ነው። ግን እስከ ወለሉ አይደርስም። በመንገዱ ከአካባቢው ውሃ ጋር እየተቀላቀለ ይቀልና በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ጥልቀት ላይ ይዘረጋል። መጠኑም ትንሽ ነው።

ወሳኙ ማስረጃ የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው፦ ከዓሣ ጥርስ። ወለል ላይ የወደቀ ጥርስ ኒዮዲሚየም የተባለውን ንጥረ ነገር ከዙሪያው ውሃ ይመጥጣል። የኒዮዲሚየሙ ዓይነት ደግሞ እንደየአህጉሩ ድንጋይ ይለያያል፤ ስለዚህ ውሃው ከየት እንደመጣ ይጠቁማል። ጥርሶቹ በብዛት የሚያመለክቱት ወደ ዋልታዎቹ የሚጠጉትን ባሕሮች ነው።

«መስመጫው ምንጊዜም ሰሜን አትላንቲክ ነው»

አይደለም። በዚያ ዘመን ዋነኞቹ መስመጫዎች ደቡባዊው ውቅያኖስና ሰሜን ፓስፊክ የነበሩ ይመስላል። ዛሬ የሰሜን ፓስፊክ ላይኛ ውሃ ጨዋማነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አይሰምጥም። የመሬቱም ቅርጽ ሌላ ነበር። ፓናማ ክፍት የባሕር መተላለፊያ ነበረች። በአንታርክቲካና በደቡብ አሜሪካ መካከል ያለው ድሬክ የተባለው መተላለፊያ ደግሞ ገና ሰፊና ጥልቅ አልሆነም።

«ሙቀት ገልፍ ስትሪምን ያጠፋዋል»

ገልፍ ስትሪም ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሙቅ ውሃ ይዞ አትላንቲክን የሚያቋርጥ የባሕር ጅረት ነው፤ በዋናነት የሚነዳውም ነፋስ ነው። ነፋስና የምድር ሽክርክሪት እስካሉ እሱም አለ። የሚያሰጋው ወደ ሰሜን የሚዘልቀውና ሰምጦ የሚመለሰው ክፍል ነው።

«ያኔ ካልቆመ፣ አሁንም አያሳስብም»

ይሄኛው አደገኛ ነው። ከ56 ሚሊዮን ዓመት በፊት ምድር በ5 ዲግሪ ገደማ ሞቃ ነበር። ካርቦኑ የተለቀቀው በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ነው፤ የእኛ ግን በመቶዎች ውስጥ። በያኔው ዘገምተኛ ፍጥነት እንኳ በጥልቁ ወለል ከነበሩ የፎራሚኒፌራ ዝርያዎች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ጠፍተዋል። ሌላም ልዩነት አለ። ዛሬ ግሪንላንድ ላይ የሚቀልጥ በረዶ አለ፤ ጨው አልባ ውሃው የሚፈሰውም መስመጫው ወዳለበት ሰሜን አትላንቲክ ነው። የያኔው ባሕር አጠገቡ እንዲህ ያለ የበረዶ ክምር አልነበረውም።