አክሰስ ፖይንት ምንድን ነው?

"ዋይፋዩ አለ፤ ኢንተርኔቱ ግን የለም ይሉኛል። ይሄ ምን ማለት ነው ልጄ?"

የጠየቁኝ አክስቴ ናቸው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ከታች ምግብ ቤት፣ ከላይ አልጋ። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። እንግዶቹ ደግሞ ስልካቸውን ይዘው ኮሪደር ለኮሪደር ይዞራሉ።

ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አክሰስ ፖይንት ኢንተርኔት አያመነጭም። በገመድ የመጣውን መስመር በሬዲዮ ሞገድ ለስልክና ለላፕቶፕ የሚያደርስ ሣጥን ነው። የግቢ ቧንቧን አስቡ። ዋናው መስመር ላይ ውሃ ከሌለ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ብትከፍቱት የሚወጣው አየር ነው። የዋይፋይ ምልክቱ ሞልቶ ምንም ነገር አልከፍት የሚለው ለዚህ ነው። ምልክቱ የሚናገረው ስልኩና ሣጥኑ ምን ያህል እንደሚደማመጡ ብቻ ነው።

ራውተር የሚባለው ሥራው ሌላ ነው። ቤቱን ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኛል፤ ለእያንዳንዱ ስልክም የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም የሚለይበትን ቁጥር፣ ያድላል። ግራ የሚያጋባን በብዙ ቤት የሚገኘው ሣጥን ሁለቱንም ሥራ አብሮ ስለሚሠራ ነው።

የአክስቴም ችግር የመጣው ከዚሁ ነው። ላይኛው ፎቅ ዋይፋይ አልደርስ ሲል አንድ ዘመድ ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ ሰካላቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን አዲሱ ሣጥንም አድራሻ ማደል ጀመረ። አንድ ቤት ሁለት አዳይ ሲኖረው ከአንደኛው የተቀበለው ስልክ ይሠራል፤ ከሌላው የተቀበለው መውጫውን ላያገኝ ይችላል። አድራሻ የማደሉ ሥራ ዲኤችሲፒ ይባላል። ሁለተኛው ሣጥን ላይ ዲኤችሲፒን አጠፋሁ። ገመዱን ዋን ከሚለው (የውጭ መስመር መግቢያ) ቀዳዳ ነቅዬ ላን ከሚለው (የቤት ውስጥ መስመር) ላይ ሰካሁ። ለራሱ ለሣጥኑም ማንም የማይወስደውን አድራሻ ሰጠሁት፤ ዋናው 192.168.1.1 ስለሆነ ይሄኛው 192.168.1.2 ሆነ። አሁን እውነተኛ አክሰስ ፖይንት ሆኗል። ብዙዎቹ ሣጥኖች "አክሰስ ፖይንት ሞድ" የሚል ምርጫ አላቸው። ካላችሁ እሱን ምረጡ፤ አብዛኛውን ሥራ ራሱ ይጨርስላችኋል።

ወደ ማስተካከያው ገጽ መግባት ከባድ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከሣጥኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አድራሻውና የመግቢያ ፓስወርዱ ተጽፏል። ስልኩን ወይም ላፕቶፑን ከሣጥኑ ጋር አገናኝቶ አድራሻውን ብራውዘር ላይ መጻፍ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ሁሌም የሚያሳስበኝ ነገር ነውና። ሁለት ፓስወርድ አለ። አንዱ እንግዳ ዋይፋዩን የሚጠቀምበት ነው። ሌላው ወደ ማስተካከያው የሚገባበት ነው። ሰው የመጀመሪያውን ይቀይርና ሁለተኛውን ከፋብሪካ እንደመጣ ይተወዋል፤ ብዙ ጊዜ "አድሚን" የሚለው ቃል ነው። እንዲህ ከሆነ ቁርስ ሊበላ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው ገብቶ ሁሉን ነገር ሊቀያይረው ይችላል። መጀመሪያ የሚቀየረው እሱ ነው። ከዚያ በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ። አክስቴ የስኒ መደርደሪያው መሳቢያ ውስጥ አድርገውታል።

ቀጥሎ ስሙ ነው፤ ኤስኤስአይዲ ይባላል። አክስቴ "እንኳን ደህና መጣችሁ" በሚል ስም ይሁንልኝ አሉ። ደስ ይላል፤ ግን አይገባም። የኤስኤስአይዲ ወሰን 32 ባይት ነው፤ ባይት ኮምፒውተር የጽሑፍን መጠን የሚለካበት ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ብቻ ይበቃዋል። የእኛ አንድ ፊደል ግን 3 ባይት ይወስዳል። "እንኳን ደህና መጣችሁ" 11 ፊደልና 2 ክፍት ቦታ ነው፤ 35 ባይት። ከ10 ፊደል በላይ አትሂዱ። "ደሴ ቡና ቤት" ቢሆን በ20 ባይት ያልቃል። አንዳንድ አሮጌ መሣሪያ ግን የግዕዝ ፊደሉን ሣጥን ሣጥን አድርጎ ያሳየዋል፤ ሞክራችሁ እዩት።

የደህንነት ምርጫው ላይ ደብልዩፒኤ 3 ካለ እሱን፤ አሮጌ ስልኮች ካስቸገሩ ደብልዩፒኤ 2ን ምረጡ። ዌፕ የሚለውን አትንኩት፤ ቁልፉ ከተሰበረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፓስወርዱ ከ8 ፊደል ማነስ አይችልም። እኔ ከ12 በታች አላደርግም።

ቻናል የሚለው፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሠራበት የሞገድ መስመር፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው፤ ደሴን በመሰለ ቤት በቤት ላይ በተደገፈበት ከተማ ግን ትልቅ ነገር ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ክልል ላይ ቻናሎቹ ከ1 እስከ 13 ተቆጥረዋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርዝ ነው፤ አንድ ዋይፋይ የሚፈልገው ስፋት ግን ወደ 20 ሜጋኸርዝ ነው። ስለዚህ ቻናል 3 ላይ የቆመ ዋይፋይ 1 ላይ ያለውንም 6 ላይ ያለውንም ይረብሻል። ሰኞ ገበያ መሃል ቆሞ ሰው እንደ መጣራት ነው። ሳይነካኩ የሚቆሙት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የታችኛውን 1 ላይ፣ የላይኛውን 11 ላይ አደረግኋቸው። 5 ጊጋኸርዝ ካለ ፈጣን ነው፤ ሰፊ ቦታም አለው። ግድግዳ ሲያጋጥመው ግን ቶሎ ይደክማል።

ቦታውንም አትርሱ። ሣጥኑ ከብረት በር ጀርባ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ ወይም ከሮቶ አጠገብ ከሆነ ቅንብሩ ምንም ያህል ቢስተካከል አይረዳም። ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል፤ ውሃ ይውጠዋል። የአክስቴን ከሮቶው ጎን አንስቼ ኮሪደሩ መሃል ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል የዚያኑ ዕለት አገኘ።

አንድ ነገር ቀረ። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም በዓል ሕዝቡ ወደ አምባሰል ሲጎርፍ ብዙው ሰው በደሴ በኩል ያልፋል። ቤቱ ይሞላል፤ ለቁርስ ብቻ ጎራ የሚለውም ስልኩን ያገናኛል። ዋናው ራውተር የሚያድለው 50 አድራሻ ነበር፤ አንዴ የሰጠውን ደግሞ ለ24 ሰዓት ይይዘዋል። ቁርሱን በልቶ የሄደው ሰው አድራሻውን ይዞ እንደሄደ ነው የሚቆጠረው። ከሰዓት የመጣው እንግዳ ምንም አይደርሰውም። ብዛቱን ወደ 200 ከፍ፣ የመያዣ ጊዜውን ወደ 2 ሰዓት ዝቅ አደረግሁት።

"ከግሸን በፊት ነው የነካኸው?" አሉኝ አክስቴ በረካውን እየቀዱ።

"አዎ፣ ከግሸን በፊት።"

"እንግዲያው አብሽር፣ ዘንድሮ ሰው አያማርረኝም።"