ዋይት ባላንስ ምንድን ነው? ነጩ ነጠላ ፎቶ ላይ ለምን ቢጫ ይሆናል?

የአክስቴ ልጅ ሲያገባ ፎቶ አንሺ ሆኜ የተመደብኩት ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ስላለኝ ብቻ ነው፣ ሌላ ሙያ የለኝም። ማታ ቤት ውስጥ በቢጫ አምፖል ሳነሳ ሰው ሁሉ አልጫ የተደፋበት ይመስላል፣ ነጠላው ቢጫ ግድግዳው ቢጫ የሙሽራዋ ቀሚስ ሳይቀር ቢጫ። አንድ ልጅ መጣና «ሜኑ ውስጥ ግባና የአምፖሏን ምልክት ምረጥ» አለኝ፣ መረጥኩ፣ ወዲያው ነጭ ነጭ ሆነ፣ እኔም ኮራሁ። በማግስቱ ፋሲል ግቢ አጥሩ ስር ሙሽሮቹንና ሚዜዎቹን ደርድሬ መቶ ምናምን ፎቶ አነሳሁ፣ በዛ ፀሐይ ስክሪኗ ምንም አታሳይም፣ እኔም አላየኋት። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ሁሉም ሰማያዊ! ሙሽራው ከቀዝቃዛ ውሃ የወጣ ነው የሚመስለው። አክስቴ እስካሁን «ያ ሰማያዊው ሰርግ» እያለች ነው የምታወራው።

ካሜራዋ ምንም አላጠፋችም፣ ማታ ያልኳትን ነው ጠዋትም የሰራችው። ያች የአምፖል ምልክት ያለችበት ሜኑ ነው እንግዲህ ዋይት ባላንስ የሚባለው፣ ለካሜራዋ «እዚህ ያለው ብርሃን ቀለሙ እንዲህ ነው፣ በዚህ ብርሃን ነጭ ማለት ይሄ ነው» ብሎ መንገር ማለት ነው።

ብርሃን ደግሞ ቀለም አለው እንዴ የሚል አይጠፋም። አለው፣ እኛ ነን የማናስተውለው። ነጠላ ደጅ ላይም አየነው ጓዳ ውስጥ በአምፖል አየነው ነጭ ነው እንላለን፣ አንጎላችን ቶሎ ስለሚለምደው የብርሃኑን ቀለም ቀንሶ ነው የሚያሳየን። ካሜራ ይሄ የላትም፣ የመጣውን ነው የምትቀበለው። ከአምፖል የሚመጣ ብርሃን ቀዩ ብዙ ሰማያዊው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ነጠላውም በእሷ ዓይን ቢጫ ነው። የአምፖል ምልክቷን ስንመርጥ ካሜራዋ ሰማያዊውን ከፍ፣ ቀዩን ዝቅ ታደርጋለች በቃ ሒሳቡ ይሄው ነው። ፀሐይ ላይ ግን ሰማያዊው መጀመሪያውኑ ሞልቶ እያለ ላዩ ላይ ስትጨምርበት የእኔ ሰርግ ይወጣል።

የብርሃን ቀለም የሚለካው ኬልቪን በሚባል የሙቀት መለኪያ ነው። የጧፍ ብርሃን 1900 ገደማ፣ ቢጫው አምፖል ከ2700 እስከ 3000፣ የቀትር ፀሐይ 5500 አካባቢ፣ ደመና ሲሆን 6500፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ጥላ ስር 7000ንም ያልፋል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ወደ ሰማያዊ ነው የሚሄደው፣ ይሄ መጀመሪያ ግራ ያጋባል ምክንያቱም እኛ ቀይን ነው ሙቅ የምንለው። ብረት ቀጥቃጭ ቤት ቆሞ ያየ ሰው ግን ይገባዋል፣ ብረቱ ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ወናፉ ሲበረታ ቢጫ ይሆናል፣ ከዛ ወደ ነጭ ይሄዳል፣ ከዛም በላይ የሚግል ነገር ቢኖር ወደ ሰማያዊ ነው የሚያደላው። ቁጥሩ የመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ሜኑው። አብዛኛው ትንሽ ካሜራ ላይ አውቶ አለ፣ ከዛ ፀሐይ፣ ደመና፣ አምፖል፣ ፍሎረሰንት፣ መጨረሻ ላይ ካስተም ወይም ፕሪሴት ማኑዋል የሚል። ሜኑው ጠፋብኝ የምትሉ ካላችሁ ምናልባት ካሜራችሁ ሙሉ አውቶ ላይ ናት፣ ብዙዎቹ እዛ ላይ እያሉ ይሄን ምርጫ ይደብቁታል፣ ፒ (P) ወደሚለው ፊደል ስታዞሯት ይመጣል።

አውቶ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ግን ግምት ነው። ፎቶው ውስጥ ያለው ቀለም ሁሉ ቢቀላቀል ወደ ግራጫ መምጣት አለበት ብላ ነው ብዙውን ጊዜ የምታሰላው። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ከሞላው ፎቶ ላይ ጎበዝ ናት፣ ግን ፎቶውን በሙሉ የግንቡ ቡናማ ድንጋይ ሲሞላው «ኧረ ብርሃኑ ቢጫ ነው» ብላ ታስብና ሰማያዊ ትጨምርበታለች፣ ድንጋዩ ሲሚንቶ መስሎ ይወጣል። እዛው ጎንደር ያለው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም እንደዛው ነው፣ ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቀይና ቢጫ፣ ይሄን ሁሉ የብርሃን ጥፋት አድርጋ ልታጥበው ትችላለች። እዛ ፍላሽ ክልክል ነው፣ የሚያስፈልግም አይመስለኝም፣ በበር የሚገባው የቀን ብርሃን ስለሆነ የፀሐይዋን ምልክት መርጦ ካሜራዋን አንድ ነገር ላይ አስደግፎ ማንሳት ነው።

አመሻሽ ላይ ደግሞ አውቶን አታምኗት። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ግንቡ ወርቅ የሚመስልባት ያች ሰዓት አለች አይደል፣ አውቶ ያንን ወርቅ እንደ እድፍ ነው የምታየው፣ አጥባ ትሰጣችኋለች። ፀሐይ ላይ አድርጓት፣ ደመና ላይ ብታደርጉት ደግሞ ትንሽ ይብሳል፣ ማለቴ ይሞቃል፣ እኔ ደመናን ነው የምወደው። ክረምት ላይም ሰው ሁሉ የታመመ ሲመስል ይችው ደመና ናት የምታድነው።

ካስተም የሚለውን ሰው ይፈራዋል፣ ግን ከሁሉም ትክክለኛው እሱ ነው። ነጭ ወረቀት ሰዎቹ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ታደርጋላችሁ፣ ካሜራዋን ጠጋ አድርጋችሁ ፎቶው በሙሉ ወረቀት ብቻ እንዲሆን ታደርጉና መለኪያውን ትጫናላችሁ፣ አለቀ። ብርሃኑ ሲቀየር ግን ድጋሚ መለካት አለባችሁ። ወረቀት ሲጠፋ እኔ ነጠላ እለምናለሁ፣ ግን ነጠላ ስስ ስለሆነ አራት እጥፍ ካልሆነ ከኋላው ያለው ቀለም ያሳልፋል፣ በዛ ላይ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ንጹህ ነጭ አይደለም፣ ትንሽ ወደ ክሬም ነው፣ እሱን ነጭ ነው ብላችሁ ስታሳዩአት ፎቶው በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ለቤተሰብ ፎቶ ማን ያያል።

«በኋላ ኮምፒውተር ላይ አስተካክለዋለሁ» የምትሉትስ? ድሮ ከካሜራ ካርቶን ውስጥ ይወጣ የነበረው የፕሮግራም ሲዲ ለዚህም ይጠቅም ነበር፣ የካነን ፓወርሾቶች ዙምብራውዘር የሚባለው ነበር የሚመጣላቸው፣ የኒከን ኩልፒክሶች ደግሞ በአንድ ወቅት ቪውኤንኤክስ 2፣ አሁን ላፕቶፑ ሲዲ መክተቻ ከሌለው ሌላ ነገር ነው። የነዚህ ፕሮግራሞች ዋና ሥራ ፎቶ መገልበጥና በቀን መደርደር ነበር (እዚህ ላይ አደራ፣ የካሜራዋን ቀንና ሰዓት ስትሞሉ የኛን ዓመት አታስገቡ፣ ጳጉሜን የማታውቅ ማሽን ናት፣ ፎቶዎቹ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄደው ይደረደራሉ)። ቀለም ማስተካከያም አይጠፋቸውም ነበር፣ ነገር ግን ትንንሾቹ ካሜራዎች አብዛኞቹ ጄፔግ (JPEG) በሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ብቻ ነው የሚያስቀምጡት፣ ጄፔግ ደግሞ ዋይት ባላንሱ አብሮ የተጋገረበት ነው፣ ከእንጀራ ላይ እርሾውን መልሶ ማውጣት እንደማይቻለው። ሰማያዊው ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ እዛ ቦታ ላይ የነበረው መረጃ የለም። የሰርጉን ፎቶዎች ሁለት ምሽት ታግዬባቸው ሰዎቹ ከሰማያዊ ወደ አመድ ነው የመጡት። ሮው (RAW) የሚባለውን ያልተጋገረ ፋይል የሚያስቀምጥ ካሜራ ካላችሁ ግን ጥሬው ስላለ በኋላ እንደፈለጋችሁ ነው።

አንድ የማይፈታ ነገር አለ፣ ሁለት ዓይነት ብርሃን ሲቀላቀል። ጥር 11 ሌሊት የፋሲል መዋኛ ሂዱ፣ ውሃው ሳይባረክ ጎህ ሲቀድ፣ ሥሮቻቸው ግንቡ ላይ የተጠመጠሙት ዛፎች ስር ሁሉም ነገር ሰማያዊ ነው፣ ጧፍ የያዘው ሰው ፊት ደግሞ ብርቱካን። ለጧፉ ብታስተካክሉ ጎህ ይብሳል፣ ለጎህ ብታስተካክሉ ፊቱ እሳት ይሆናል፣ መሃል ላይ የሚያስታርቅ ቁጥር የለም። እኔ ፀሐይ ላይ አድርጌ እተወዋለሁ፣ ነጠላው ሰማያዊ ጧፉ ብርቱካን ሆኖ ይወጣል፣ አክስቴ ይሄንን አይታ ግን ምንም አላለችም፣ አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች።