ዶሮዋ ታማለች ወይስ በርዷታል?

ደሴና ኮምቦልቻ ጎረቤታሞች ቢሆኑም የዶሮን ሁኔታ በአንድ ዓይን ማየት አይቻልም።

«ላባዋን ከነፋች ታማለች» ይባላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጦሳ ተራራ ሥር በማለዳ ላባዋን ነፍታ የማትቆም ዶሮ የለችም። በላባዋ መካከል አየር ይዛ እየሞቀች ነው። የሚያሳስበው ፀሐይ ወጥታ ሌሎቹ መጫር ከጀመሩ በኋላም ዓይኗን ጨፍና ጥግ ይዛ ከቀረች ነው።

«አፏን ከፍታ ካለከለከች ፈንግል፣ ያ ዶሮ ጨራሽ ወረርሽኝ ነው።» 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ይህ አያስኬድም። ዶሮ አያልባትም፤ በቀትር ሙቀት የምትበርደው አፏን ከፍታ፣ ክንፏን ከገላዋ አርቃ በማለክለክ ነው። ጥላና ውሃ ስታገኝ ይተዋታል። በማለዳው ቅዝቃዜም ካለከለከች ወይም ስትተነፍስ ካንኮራፋች ግን ሕመም ነው።

ብዙ ሰው የሚያታልለው «እየበላች ነውና ደህና ናት» የሚለው ነው። ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ደክማ የታየችውን ሌሎቹ ይነቁሯታላ! ስለዚህ ማታ ቆጥ ላይ ከወጣች በኋላ ያዝ አድርጎ መዳሰስ ይሻላል። አንገቷ ሥር ያለው የእህል ከረጢት ባዶ ከሆነ ቀኑን ሙሉ የለቀመችው ለይምሰል ነው። የደረቷ አጥንት እንደ ቢላዋ ስለት ከወጣ ደግሞ ሕመሙ ሰንብቷል።

ኩሷ ላይ ያለው ነጭ አያስደነግጥ፤ ሽንቷ ነው። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ በጫጩት ላይ ደግሞ ደም ሲታይ ግን ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። እንቁላል ማቋረጧም ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ላባ ስትቀይር፣ ስታቅፍ ወይም ውሻ ሲያሳድዳት ታቆማለች።

«ቴትራሳይክሊን ፈንግልን ያድናል።» አያድንም። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም አይፈውሱትም። መድኃኒት ነው ተብሎ የሚሰጣት አረቄማ የሚያጽናናው ባለቤቷን ይመስለኛል። የሚያዋጣው አስቀድሞ ማስከተብ ነው፤ ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል።

«ከገበያ የመጣችው ጤነኛ ከመሰለች ከሌሎቹ ጋር ትዋል» የሚሉም አሉ። በበዓል ሰሞን እግሯ ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ ከሰኞ ገበያ የመጣች ዶሮ መደንገጧ አይቀርም፤ ድንጋጤው ደግሞ የሰውነቷን በሽታ የመቋቋም አቅም ያዳክማል። የፈንግል ምልክት ብዙ ጊዜ ከተያዘች አምስት ስድስት ቀን ቆይቶ፣ አንዳንዴም ዘግይቶ ነው የሚታየው። ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ፤ መጠጫዋም የተለየ ይሁን። በፈንግል የሞተችውን ደግሞ ከነላባዋ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር እንጂ ወደ ወንዝ መጣል የጎረቤትን ዶሮ መጨረስ ነው።